ፀሐይን ጎል መስመር ላይ፦ ሥርዓተ ፀሐይን በጅማ ኳስ ሜዳ በእግር የመለካት ዝርዝር መመሪያ

የትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ የሚሳለውን ሥዕል ሁላችንም እናውቀዋለን። ጥግ ላይ አንድ ትልቅ ቢጫ ፀሐይ አለች። ከእሷ ቀጥሎ ስምንት ኳሶች ተጠጋግተው ይደረደራሉ። ሥዕሉ ቅደም ተከተሉን ያስተምራል። በዚህ ባለውለታችን ነው። ርቀቱን ግን አያሳይም፤ ሊያሳይም አይችልም። ሠዓሊው ርቀቱን በልኩ ልሳል ቢል ወረቀቱ ከክፍሉ ወጥቶ፣ ግቢውን አቋርጦ፣ አስፋልቱን ይዞ ይሄድ ነበር።

እኔ ይህ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። የእህቴን ልጆችና የሰፈር ጓደኞቻቸውን ይዤ ሜዳ ወጣሁ። ፀሐይን ጎል መስመር ላይ አስቀመጥንና እየቆጠርን ተራመድን። ከማርስ በኋላ ልጆቹ ዝም አሉ። ሜዳው አለቀ፣ ገና ብዙ ይቀር ነበር። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ በቡና ለቀማ ሰሞን እንደግመዋለን። እናንተም ከልጆቻችሁ ወይም ከተማሪዎቻችሁ ጋር እንድትሠሩት አካሄዱን በዝርዝር ልጻፍላችሁ። ግማሽ ቀን ይበቃዋል። ገንዘብ አይጠይቅም ማለት ይቻላል።

ልኬቱ

መያዝ ያለባችሁ አንድ ቁጥር ብቻ ነው። አንድ ሜትር ማለት 10 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ነው። ስለዚህ አንድ ሴንቲ ሜትር 100 ሺህ ኪሎ ሜትር፣ አንድ ሚሊ ሜትር ደግሞ 10 ሺህ ኪሎ ሜትር ይሆናል። የኳሶቹ መጠንም በመካከላቸው ያለው ርቀትም በዚሁ ልክ ይሠራል። ብዙ ሰው መጠኑን በአንድ ልክ፣ ርቀቱን በሌላ ልክ ይሠራና ነገሩ ተመልሶ የግድግዳው ሥዕል ይሆንበታል። ይህን አታድርጉ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

አሮጌ ካልሲዎች፣ ክር፣ ማስመሪያ፣ የአናጢ ሜትር፣ አሥር ሜትር ሲባጎ፣ ካርቶን፣ ኮላ፣ እስክሪብቶ። ከወጥ ቤት ደግሞ ጥቂት ነጭ ጤፍ፣ ጥቂት ቀይ ጤፍ፣ የጨው ቅንጣት፣ ትንሽ በርበሬ፣ ሁለት አነስ ያሉ አተሮች። ከጓሮ አንድ እሸት ቡናና አንድ ጀንፈል። ጅማ ላይ ሆኖ ቡና አጣሁ የሚል የለም። እሸቱን የምታገኙት ግን ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ለቀማ ነው። እኔ ኅዳርን የምመርጠው ለዚህ ነው። ሜዳውም ያኔ ደረቅ ነው።

አንደኛ እርምጃ፦ ፀሐይን በጣሪያ ቀዳዳ ለኩ

ይህን እርምጃ መዝለል ይቻላል፤ ባትዘሉት ግን ደስ ይለኛል። ልጆቹ ከመጽሐፍ የተነገራቸውን ሳይሆን በእጃቸው የለኩትን ይዘው ሜዳ ይወጣሉ።

ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ቤት ውስጥ፣ ከሚስማር ቀዳዳ የሚገባው ብርሃን ወለሉ ላይ ክብ ነጥብ ይሠራል። ቀዳዳው የተቀደደ፣ ጠማማ ቢሆንም ነጥቡ ክብ ነው። ምክንያቱም የቀዳዳው ቅርጽ አይደለም፤ የፀሐይዋ ምስል ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ፀሐይ በጨረቃ ስትጋረድ፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ቦታ እነዚህ ነጥቦች ሁሉ ማጭድ መስለው ነበር።

ቀዳዳው ትንሽ መሆን አለበት። ሰፊ ከሆነ ካርቶን ላይ በመርፌ ብሱና እሱን በመስኮት ወይም በበር ፀሐይ ላይ ያዙት። ሌላ ነጭ ካርቶን ብርሃኑን ፊት ለፊት እንዲቀበል አድርጉ። አጋደል ካለ ምስሉ ይለጠጣል። ከቀዳዳው እስከ ምስሉ ያለውን ርቀት ለኩ። የምስሉን ስፋትም ለኩና የቀዳዳውን ስፋት ቀንሱለት። ከዚያ ርቀቱን ለስፋቱ አካፍሉ። ሁለት ሜትር ላይ ምስሉ 18 ወይም 19 ሚሊ ሜትር ይመጣል። መልሱ 108 አካባቢ ይሆናል።

ይህ ማለት ፀሐይ ከእኛ የምትርቀው የራሷን ስፋት 108 ጊዜ ያህል ነው። ይህን ቁጥር አስታውሱት፤ ሜዳ ላይ ይመጣል።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ጅማ ላይ ፀሐይ ከፍታዋ ላይ የምትደርሰው ልክ በስድስት ሰዓት አይደለም። የሀገራችን ሰዓት የተሠራው ከእኛ በስተ ምሥራቅ ላለ መስመር ስለሆነ፣ ለእኛ ቀትር የሚሆነው እንደ ወሩ ከ6፡17 እስከ 6፡47 ባለው ጊዜ ነው። ሚያዝያ 1 እና ነሐሴ 27 አካባቢ ፀሐይ በቀትር ልክ አናታችን ላይ ትቆማለች። በዚያን ጊዜ የቆመ እንጨት ጥላ አይኖረውም። ከጣሪያ የወረደው ብርሃንም ቀጥ ብሎ ከቀዳዳው ሥር ያርፋል። የነሐሴው በጅማ ደመና ምክንያት ብዙ ጊዜ ያመልጣል። የሚያዝያውን ሞክሩት።

አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ፀሐይን በዓይን በቀጥታ ማየት፣ በተለይ በቢኖኩላር፣ ዓይን ያጠፋል። ልጆቹ ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ምስሉን ብቻ እንዲያዩ አድርጉ።

ሁለተኛ እርምጃ፦ ፀሐይዋን ሥሩ

የፀሐይ ስፋት 1 ሚሊዮን 392 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በእኛ ልክ 14 ሴንቲ ሜትር። ይህን የምትሠሩት በጅማ ልጆች ሁሉ በሚያውቁት መንገድ ነው፤ በካልሲ ኳስ። ካልሲውን በጨርቅ ሙሉ፣ በክር ጠምጥሙ። የዙሪያው ልክ 44 ሴንቲ ሜትር ሲሆን አቁሙ። ዙሪያውን በክር መለካት ይቀላል። ቢጫ ጨርቅ ካላችሁ ከላይ አልብሱት።

ሦስተኛ እርምጃ፦ ፕላኔቶቹን ከጓዳ ልቀሙ

እያንዳንዱን በትንሽ ካርቶን ላይ በኮላ ለጥፉና ስሙን ጻፉ። ካልተለጠፈ ነፋስ ይወስደዋል። ዶሮ ያለበት ግቢ ውስጥ ደግሞ የባሰ ነው።

አጣርድ ወይም ሜርኩሪ ግማሽ ሚሊ ሜትር ናት። ለእሷ አንድ የጨው ቅንጣት። ቬነስ 1.2 ሚሊ ሜትር ናት፤ አንድ ፍሬ ነጭ ጤፍ። ምድር 1.3 ሚሊ ሜትር፤ አንድ ፍሬ ቀይ ጤፍ። ሁለቱ እኩያሞች ስለሆኑ ከጤፉ ውስጥ ደልደል ያሉትን ምረጡ። ማርስ 0.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለእሱ የበርበሬ ቅንጣት። ማርስ ቀይ የሆነው አፈሩ ውስጥ ባለው ዝገት ነው፤ በርበሬው ቀለሙንም ይሰጠዋል።

ጁፒተር 14 ሚሊ ሜትር ነው፤ አንድ ቀይ እሸት ቡና። ሳተርን 12 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ አንድ ጀንፈል። ለሳተርን ከወረቀት ቀለበት ቁረጡለት። የቀለበቱ ውጫዊ ስፋት 27 ሚሊ ሜትር ይሁን። ዩራኑስና ኔፕቱን 5 ሚሊ ሜትር አካባቢ ናቸው፤ ሁለቱ አተሮች።

ጨረቃን አትርሷት። ስፋቷ የምድርን አንድ አራተኛ ያህል ነው። ከጤፏ 3.8 ሴንቲ ሜትር ላይ በእስክሪብቶ አንድ ስስ ነጥብ አድርጉ። ከሐምሌ 1961 ጀምሮ የሰው ልጅ ምድርን ትቶ እግሩን ያሳረፈበት ሌላ ዓለም ይህ ነጥብ ብቻ ነው። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ጣታቸውን በጤፏና በነጥቧ መካከል ያስቀምጣሉ። ሁለት ጣት ነው የሚይዘው።

ወደ ሜዳ ከመሄዳችሁ በፊት ጤፏን ከካልሲ ኳሱ አጠገብ አስቀምጡና አሳዩአቸው። በኳሱ ወገብ ላይ 109 ምድሮች ተርታ ይሰለፋሉ። በሥርዓተ ፀሐይ ውስጥ ካለው ቁስ ሁሉ 99.8 በመቶው ያለው በኳሱ ውስጥ ነው። ከቀረው ደግሞ አብዛኛው በእሸት ቡናው ውስጥ ነው።

አራተኛ እርምጃ፦ ሜዳ ላይ

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ውጡ። ልጆች ለኳስ ከመምጣታቸው በፊት ነው፤ ፀሐዩም ገና አልበረታም። ደረጃውን የጠበቀ ሜዳ 105 ሜትር ይረዝማል። የጅማ አባ ጅፋር ክለብ በ2010 የፕሪምየር ሊጉን ዋንጫ ካነሳ ወዲህ የሜዳ መስመር የማያውቅ የጅማ ልጅ የለም፤ ስለዚህ በመስመሮቹ ተጠቀሙ። መስመር የሌለው ሜዳ ከሆነ በሲባጎው ለኩ። ሲባጎው ላይ በየሜትሩ ቋጠሮ አድርጉ።

ካልሲ ኳሱን ጎል መስመሩ መሐል ላይ አስቀምጡ። ከዚያ ወደ ሜዳው ግቡ።

ሜርኩሪ 5.8 ሜትር ላይ ናት። 5 ከ50ውን ተሻግራ ወዲያው። ቬነስ 10.8 ሜትር ላይ ናት፤ የፍፁም ቅጣት ምት ነጥቡ ጋ ማለት ነው። ማንም ልጅ ይህን አይረሳውም። ንጋት ላይ የምናያት የአጥቢያ ኮከብ ይህቺው ናት፤ ኮከብ አይደለችም። እንደ ጨረቃ የፀሐይን ብርሃን ነው የምትመልሰው። ላይዋ 460 ዲግሪ ገደማ ይግላል። ወፍራሙ የካርቦን ዳይኦክሳይድ አየሯ ሙቀቱን እንደ ጋቢ ሸፍኖ ይዞታል።

ምድር 15 ሜትር ላይ ናት። 16 ከ50ው ጋ ልትደርስ አንድ ሜትር ተኩል ሲቀራት።

እዚህ ቁሙ። ልጆቹ በጤፏ ቦታ ሆነው ዞር ብለው ኳሱን ይዩ። ኳሱ 14 ሴንቲ ሜትር፣ ርቀቱ 15 ሜትር። አካፍሉት። ያ የጣሪያው 108 ተመልሶ መጣ። ከዚህ ቦታ ኳሱ የሚታየው እውነተኛዋ ፀሐይ ሰማይ ላይ በምትታይበት መጠን ነው። ክንዳቸውን ዘርግተው በትንሿ ጣታቸው ኳሱን ይሸፍኑት፤ ተሸፍኖ ይተርፋል። እኔ ለዚህች ደቂቃ ስል ነው በየዓመቱ የምመጣው። ጤፉን የሚያበስለው፣ ቡናውን የሚያቀላው ሙቀት ከዚያች ኳስ ተነስቶ ይህን ሁሉ ባዶ አቋርጦ ነው የሚደርሰው።

ምድር በኳሱ ዙሪያ የምትሄደውንም አሳዩ። በእኛ ልክ ጤፏ በቀን 26 ሴንቲ ሜትር ትጓዛለች። ከአንድ ስንዝር ትንሽ አለፍ ይላል። በየቀኑ ይህችን ያህል እየተጓዘች ዙሩን ስትጨርስ እንቁጣጣሽ ይሆናል። ማርስ 22.8 ሜትር ላይ ነው። የእሱ ዓመት 687 ቀን ነው።

አምስተኛ እርምጃ፦ ባዶው

ከማርስ በኋላ ወደ መሐል ሜዳው ታመራላችሁ። ከ33 እስከ 49 ሜትር ባለው ውስጥ አስትሮይድ የሚባሉ የጠፈር ድንጋዮች ይገኛሉ። ፊልም ላይ ድንጋይ እንደታጨቀበት መንገድ ነው የሚያሳዩት። እውነቱ ሌላ ነው። የሁሉም ድምር ከጨረቃ ክብደት 3 በመቶ አካባቢ ነው። ትልቁ ሴሬስ በእኛ ልክ አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር አይሞላም። ሣሩ ላይ በአይናችሁ አታገኙትም። መንኮራኩሮች ይህን ክልል ያለ ችግር ያቋርጡታል።

ልጆቹ መሰላቸት የሚጀምሩት እዚህ ነው። አታቋርጧቸው፣ ወሬም አትሙሉላቸው። ዝም ብለው ይራመዱ። ባዶው ራሱ ትምህርቱ ነው።

ጁፒተር 78 ሜትር ላይ ነው። ከወዲያኛው ጎል 27 ሜትር ይቀራል። እሸት ቡናውን አስቀምጡ። ከሌሎቹ ሰባቱ ተደምረው በክብደት ሁለት እጥፍ ተኩል ይበልጣቸዋል። ግን ዘንጉ ላይ አንዴ ለመዞር አሥር ሰዓት አይሞላበትም። በእ.ኤ.አ. 1610 ጋሊሊዮ በትንሽ መነጽሩ አራት ጨረቃዎቹን አየ። የመጀመሪያዋ ከቡናው 4 ሴንቲ ሜትር ላይ፣ አራተኛዋ 19 ሴንቲ ሜትር ላይ ናት። ጋኒሜድ የምትባለው ከሜርኩሪ ትበልጣለች። ቢኖኩላር ያለው ሰው ካገኛችሁ፣ ክንዱን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ዛሬም ያያቸዋል።

ስድስተኛ እርምጃ፦ ከሜዳው ውጡ

ሳተርን 143 ሜትር ላይ ነው። ከጎሉ ጀርባ 38 ሜትር። ስለዚህ ሜዳ ስትመርጡ ከጎሉ ኋላ ቀጥ ያለ መንገድ ያለበትን ምረጡ። አጥር ካለ ግን ሁሉንም ነገር ከመጀመሪያው በአንድ ረጅም መንገድ ዳር ሥሩት። አስፋልት ዳር ከሆነ አንድ ትልቅ ሰው ከፊት፣ አንድ ከኋላ ይሁን። ባጃጅ ድምፁ ሳይሰማ ነው የሚደርሰው።

ከዚህ በኋላ ሲባጎው አያዋጣም፤ በእርምጃ ቁጠሩ። መጀመሪያ አሥር ሜትሩን ተራምዳችሁ ስንት እርምጃ እንደሚፈጅባችሁ እወቁ። ልጆች በየራሳቸው እርምጃ ከቆጠሩ ኔፕቱን በአምስት ቦታ ይገኛል። አንድ ሰው ይቁጠር፣ ሌላው ይመዝግብ።

ዩራኑስ 287 ሜትር ላይ ነው። ከሳተርን እስከ እሱ ያለው መንገድ ከፀሐይ እስከ ሳተርን ከመጣችሁት ጋር እኩል ነው። እኔ ራሴ ስንት ጊዜ ሄጄበት ይህ ይገርመኛል።

ኔፕቱን 450 ሜትር ላይ ነው። እዚህ ሆናችሁ ኳሱን ለማየት ሞክሩ። የለም። እውነተኛው ኔፕቱን ላይ ግን ፀሐይ ትታያለች፤ እንደ በጣም ደማቅ ኮከብ። ኔፕቱን በፀሐይ ዙሪያ አንዴ ዙሩን ለመጨረስ 165 ዓመት ይፈጅበታል። ዳግማዊ አባ ጅፋር በእ.ኤ.አ. 1878 ጅማ ላይ ከነገሡ ወዲህ አንድ ዙር አልሞላም።

ፕሉቶን የሚጠይቅ ልጅ አይጠፋም። በ1998 ነሐሴ ላይ የሥነ ፈለክ ባለሙያዎች ድንክ ፕላኔት ብለው መደቡት። ከቦታው አልተነሳም። በአማካይ 590 ሜትር ላይ አለ። አንዳንዴ ከኔፕቱን ይቀርባል፣ አንዳንዴ እስከ 740 ሜትር ይርቃል። ለእሱ ከሜርኩሪ ግማሽ የምታንስ ቅንጣት ይበቃዋል።

በዚሁ አካባቢ አንድ ሌላ ነገር አለ። የሐሌይ ጅራታም ኮከብ። በ1978 ምድር አጠገብ አልፎ ነበር። ኅዳር 2016 ላይ ከኔፕቱን ማዶ፣ በእኛ ልክ 525 ሜትር ላይ ደርሶ ዞረ። አሁን ወደ ኳሱ እየተመለሰ ነው። በ2053 ሐምሌ ይደርሳል። አብረዋችሁ የተራመዱት ልጆች ዕድሜያቸውን ደምረው ያን ጊዜ ስንት እንደሚሆናቸው ይቁጠሩ። ብዙዎቹ ያዩታል።

ሰባተኛ እርምጃ፦ ብርሃንን አራምዱት

ተመልሳችሁ ኳሱ ጋ ኑ። ብርሃን በሰከንድ 300 ሺህ ኪሎ ሜትር ይሄዳል። በእኛ ልክ 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ሲባጎውን መሬት ላይ ዘርጉ። አንድ ልጅ ጣቱን በየሰከንዱ 3 ሴንቲ ሜትር እያንሸራተተ ወደ ምድር ይሂድ፤ ሌላው ሰዓት ይያዝ። ስምንት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ይፈጃል። ከዓለም ፈጣኑ ነገር እንዲህ ሲዳክር ማየት ርቀቱን ከማንኛውም ቁጥር በላይ ይነግራል። ጁፒተር ለመድረስ 43 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ ቡናው ታጥቦ፣ ተቆልቶ አቦል እስኪቀዳ። ኔፕቱን ለመድረስ ከአራት ሰዓት በላይ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ተጠጥቶ፣ ጎረቤት ወደ ቤቱ ገብቶ እንኳ አልደረሰም።

ከዚህ የሚርቀውን በቃል ብቻ ንገሯቸው። በ1969 ነሐሴ መጨረሻ የተነሳችው መንኮራኩር ቮዬጀር 1 አሁን ከኳሱ ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ርቃለች። በዓመት 54 ሜትር ያህል ትጨምራለች። ኳሱን መሐል ከተማ አስቀምጠን መንገዷን ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ብናደርገው፣ ለመድረስ ገና ሰማንያ ዓመት ይቀራታል። ለፀሐይ ቅርብ የሆነው ኮከብ ደግሞ 4,000 ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ከጅማ ተነስታችሁ ጆሃንስበርግን ትንሽ ማለፍ አለባችሁ። እዚያ የሚጠብቃችሁ ሁለት ሴንቲ ሜትር የሆነች ኳስ ናት።

ስምንተኛ እርምጃ፦ ማታ ቀና በሉ

በዚያው ቀን ማታ ልጆቹን ወደ ውጭ አውጡ። መብራት የጠፋ ዕለት ከሆነ የተሻለ ነው። ፀሐይ ቀን በሄደችበት መንገድ ላይ ተመልከቱ፤ ፕላኔቶች ከዚያ መንገድ ብዙም አይወጡም። ጅማ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች መንገዱ ከፍ ብሎ አናታችን አካባቢ ያልፋል። ኮከብ ያብለጨልጫል፣ ፕላኔት ግን ረጋ ብሎ ያበራል። አንዱን ስታገኙ ልጆቹ ስሙን ከመናገራቸው በፊት ሜዳው ላይ የት እንደነበረ ጠይቋቸው። "ፍፁም ቅጣት ምቱ ጋ!" ካሉ ቬነስን አግኝተዋታል።

ካርቶኖቹን በላስቲክ ጠቅልላችሁ አስቀምጡ። ጤፉ፣ ጨውና አተሩ ለዓመታት ይቆያሉ። ጀንፈሉም አይበላሽም። እሸቱ ግን ይደርቅና ይጨማደዳል። ጁፒተርን በሚመጣው ለቀማ አዲስ መልቀም ነው።